የአገር ቤት ቻናል ከባዕድ አገር በረንዳ፦ ዲሽ ከመግዛታችሁ በፊት እና በኋላ

ስልክ ይደወልልኛል። «ዲሹን ገዛሁት፣ ሰቀልኩት፣ አሁን ወዴት ላዙረው?» ይላል ደዋዩ። «የምትፈልገው ቻናል የትኛው ሳተላይት ላይ ነው?» እለዋለሁ። ዝም። «ሳተላይቱስ አንተ ያለህበት ድረስ ይደርሳል?» አሁንም ዝም። ከዚያ፣ «እንዴ! ዲሽ እኮ ነው፤ ከሰማይ አይደል እንዴ የሚመጣው?»

ከሰማይስ ይመጣል። ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይወርድም። ውጭ አገር ሆኖ የአገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ዲሽ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከስረው ማስተካከል ስላልቻለ አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትን መጨረሻ ላይ ስለሚጠይቅ ነው። ስለዚህ የምንጀምረው ከዲሹ ሳይሆን ከወረቀትና ከእርሳስ ነው።

1. ቻናላችሁ የት እንዳለ ጻፉ

ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይስፈር፦ የሳተላይቱ ስም፣ የቆመበት ዲግሪ፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የሞገዱ አቋቋም (ቨርቲካል ነው ወይስ ሆሪዞንታል) እና ሲምቦል ሬት፣ ማለትም መረጃው የሚላክበት ፍጥነት።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ ዲግሪው ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአንድ ቀለበት ተሰልፈዋል። ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብረው ስለሚዞሩ ከታች ሲታዩ የቆሙ ይመስላሉ። ዲሻችን አንዴ ከተስተካከለ ለዓመታት ሳይነካ የሚሠራው ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክ ሐሳቡን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር፤ ቀለበቱም እስካሁን በስሙ ይጠራል። በዚህ ቀለበት ላይ እያንዳንዱ ሳተላይት እንደ ቤት ቁጥር የሚታወቅበት ዲግሪ አለው። ሆትበርድ 13 ዲግሪ ምሥራቅ፣ አስትራ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ቱርክሳት 42 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ናቸው።

መረጃውን ከየት ታገኛላችሁ? መጀመሪያ ከራሱ ከቻናሉ ገጽ። ቀጥሎ ላይንግሳት እና ኪንግኦፍሳት ከተባሉት ድረ ገጾች፤ እነሱ የሳተላይት ቻናሎችን በዲግሪ በዲግሪ ይዘረዝራሉ። ከጓደኛ የተገኘ የዓምና ፍሪኩዌንሲ ግን አትመኑ። ቻናሎች ቤት ይቀይራሉ፣ ሲቀይሩም ለሁሉም አይነግሩም። አንዱ ቻናል ሁለት ሦስት ሳተላይት ላይ ሊኖርም ይችላል። ሁሉንም ጻፉ፤ የትኛው እንደሚበጃችሁ ቀጥሎ እናየዋለን።

2. ጨረሩ እናንተ ጋ ይደርሳል?

ሳተላይት ከዚያ ከፍታ ሲያይ ከምድር ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ከፊቱ ያገኛል። ሆኖም ኃይሉን በሁሉም ላይ አይበትንም። ባትሪ እጃችሁ ይዛችሁ ጨለማ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ስታበሩ አስቡ። መሃሉ ደምቆ ይታያል፣ ዳሩ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ሳተላይቱም ደንበኞቹ ያሉበትን አካባቢ መርጦ ነው የሚያበራው። ናይልሳት ያነጣጠረው መካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ ላይ ነው። 28.2 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ደግሞ አንዳንድ ቻናሎችን ብሪታንያና አየርላንድ ላይ ብቻ በተሰበሰበ ጠባብ ጨረር ይልካሉ። ደቡብ ስፔን የሚኖር ብሪታንያዊ እነዚያን ቻናሎች ለማየት ግዙፍ ዲሽ የሚተክለው ለዚህ ነው። በዚያው ሳተላይት ላይ ያሉ፣ ግን በሰፊው ጨረር የሚላኩ ሌሎች ቻናሎች እሱ ጋ በትንሽ ዲሽ ይገባሉ። ስለዚህ «ሳተላይቱ ይደርሳል» ማለት ብቻ አይበቃም። የእናንተ ቻናል በየትኛው ጨረር እንደሚላክ ማየት አለባችሁ።

ጨረሩን የሚያሳይ ካርታ እነዚያው ድረ ገጾች ላይ አለ። ካርታው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰሉ መስመሮች ታያላችሁ፤ በየመስመሩ ላይ ቁጥር አለ፣ መለኪያው ዲቢደብልዩ ይባላል። ቁጥሩ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 60 ሳንቲም ዲሽ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በታች ላለው አንድ ቀላል ሂሳብ አለ። ቁጥሩ በ3 ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የዲሹ የገጽ ስፋት እጥፍ መሆን አለበት፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ልክ ደግሞ 1.4 ጊዜ ያድጋል። 60 ሳንቲም የነበረው 85 ይሆናል። ሌላ 3 ሲቀንስ 120። ዳር ላይ ከሆናችሁ በካርታው ከምታገኙት አንድ ደረጃ ጨምሩ። ዝናብ ሲመጣ ታመሰግኑኛላችሁ።

ሳተላይቱ ጭራሽ ከአድማስ በታች የሚሆንበትም ጊዜ አለ። አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ተቀምጦ 42 ዲግሪ ምሥራቅን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በመሃል ምድር ራሷ አለች። የአሥር ሜትር ዲሽም አይረዳም። እንዲህ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ አቁሙና ስለ ኢንተርኔት ወደምናገርበት ወደ ክፍል 8 ዝለሉ።

3. ከእናንተ በረንዳ ሰማዩ ይታያል?

ዲሽ ግድግዳ አያይም። ዛፍም አያይም። በዲሹና በሳተላይቱ መካከል ያለው መንገድ ክፍት መሆን አለበት።

መንገዱን የሚነግሯችሁ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ አቅጣጫ ነው፤ ከሰሜን ተነስቶ በምሥራቅ በኩል የሚቆጠር። ሌላው ከፍታ ነው፤ ከአድማስ ወደ ላይ የሚቆጠር። ሁለቱንም ዲሽፖይንተር የተባለው ድረ ገጽ አድራሻችሁን ስታስገቡለት አስልቶ ይሰጣችኋል፤ በሳተላይት ፎቶ ላይ ከቤታችሁ ጣሪያ የሚነሳ መስመርም ይስላል። ለምሳሌ ፍራንክፈርት ሆናችሁ ሆትበርድን ብትፈልጉ አቅጣጫው 174 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደቡብ ማለት ይቻላል። ከፍታው 32 ዲግሪ ገደማ። ስቶክሆልም ሆናችሁ 7 ዲግሪ ምዕራብን ብትፈልጉ ግን ወደ 209 ዲግሪ ትዞራላችሁ፣ ከፍታው ደግሞ 19 ብቻ ነው። ወደ ሰሜን በራቃችሁ ቁጥር ሳተላይቱ ወደ መሬት ይወርዳል። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ጣጣው ይበዛል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያላችሁ ደግሞ ሁሉንም ገልብጡት፤ ዲሻችሁ የሚያየው ወደ ሰሜን ነው።

ፊት ለፊት ሕንጻ ካለስ? 32 ዲግሪ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ፣ 10 ሜትር ርቆ የቆመ ሕንጻ ከዲሹ እስከ 6 ሜትር ከፍ ቢል አያስቸግርም። 19 ዲግሪ ላይ ግን ሦስት ሜትር ተኩል እንኳ ከደረሰ ነገር ተበላሸ።

ስለ ዛፍ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዲሼን የተከልኩት ክረምት ላይ ነው። በረዶ፣ ብርድ፣ ቅጠል የሌለው ደረቅ ዛፍ። ቻናሉ ቁልጭ ብሎ ገባ፣ እኔም ራሴን አደነቅሁ። ሁለት ወር ተኩል ቆይቶ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። ሪሲቨሩን ጠረጠርኩ። ኬብሉን ቀየርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ቡና ይዤ በረንዳ ስወጣ ቀና ብዬ አየሁ፤ ዛፉ በቅጠል ተሸፍኗል። ዲሹን ሁለት ሜትር ወደ ግራ ማዛወር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ እሱን ለማወቅ ግን አዲስ ኬብል ገዝቻለሁ።

ዲሹን ቤት ውስጥ መስታወት ኋላ ማስቀመጥ የሚያስቡም አሉ። በዘመናዊ ቤቶች መስኮት ላይ ሙቀት እንዳይወጣ የሚቀባ ስስ የብረት ሽፋን አለ፤ ሲግናሉን ይመልሰዋል። አይሠራም።

4. ፈቃድ

ተከራይ ከሆናችሁ ውላችሁን አንብቡ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዲሽ ምክንያት ከቤት የተባረረ ሰው አለ። ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ሪንኬቢ የሚኖሩ ከኢራቅ የመጡ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ቤት ተከራይተው ነበር። በዲሽ የአረብኛና የፋርስኛ ቻናሎችን ያያሉ። አከራዩ አንሱ አላቸው። እምቢ ሲሉ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የስዊድን ፍርድ ቤትም ለአከራዩ ፈረደ፣ ቤቱንም ለቀቁ። ጉዳዩን ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 መረጃ የማግኘት መብታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደላቸው። ስደተኛ ቤተሰብ ከአገሩ ባህልና ቋንቋ ጋር መገናኘቱ ዋጋ እንዳለው በግልጽ ተቀበለ። ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ፍርዱ ሲመጣ ቤቱን ከለቀቁ ቆይተዋል።

አሜሪካ ያላችሁ ትንሽ ትሻላላችሁ። የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውና በ1999 ለተከራዮችም ያሰፋው ደንብ አለ፤ ለብቻችሁ በምትጠቀሙበት በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ዲሽ ማስቀመጥን ይጠብቃል። የጋራ ጣሪያና የሕንጻውን የውጭ ግድግዳ ግን አይጨምርም።

የትም ብትሆኑ ጠብ ሳትፈጥሩ የምትገላገሉበት መንገድ አለ። ግድግዳ አትብሱ። በረንዳው ወለል ላይ የሚቆም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ግዙ፣ እግሮቹ ላይ የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ ጫኑበት፣ ዲሹም ከበረንዳው አጥር በላይ እንዳይወጣ አድርጉ። ከታች ያየ ሁሉ ካላየው፣ የሚከስም አይኖርም።

5. ግዢ

ዲሹ፦ ልኩን ከካርታው አግኝታችኋል። ብረት ጠንካራ ነው ግን ይዝጋል፤ አልሙኒየም ይሻላል።

ኤልኤንቢው (በዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ)፦ በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ኬዩ ባንድ ለሚባለው የፍሪኩዌንሲ ክልል የሚያስፈልገው ዩኒቨርሳል የሚባለው ነው። ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ይሸፍናል። ቻናላችሁ ፍሪኩዌንሲው 3 ሺህ ወይም 4 ሺህ ምናምን ብሎ ከጀመረ ግን ሲ ባንድ ነው። ያ ሌላ ኤልኤንቢና ሰው የሚያህል ዲሽ ይፈልጋል፤ አፓርታማ ላይ እርሱት። ሰሜን አሜሪካ ደግሞ የኤልኤንቢው ዓይነት የተለየ ነው፤ ከአውሮፓ በሻንጣ ይዛችሁ የሄዳችሁት ላይሠራ ይችላል።

ሪሲቨሩ፦ ዲቪቢ-ኤስ2 የተባለውን አዲሱን የሳተላይት ሥርጭት ዓይነት የሚከፍት መሆን አለበት። ከአገር ቤት የመጣ አሮጌ ሪሲቨር ድሮውን ዲቪቢ-ኤስ ብቻ ከሆነ ዛሬ ግማሹን ቻናል አያይም። አንዳንድ ቻናሎች ሄቭክ በተባለው አዲስ መጭመቂያ ስለሚላኩ እሱንም የሚያነብ ብትገዙ አትቆጩም። ግን ሳትገዙ በፊት የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ እዩ። ጥርስ ያለው ክብ ሶኬት ካለና አጠገቡ «ሳተላይት» የሚል ካለበት፣ ሪሲቨሩ ውስጡ ነው። ገንዘባችሁን ያዙ።

ኬብሉ፦ አርጂ6፣ 75 ኦም። በመስኮት ማሳለፍ ካለባችሁና መብሳት ካልተፈቀደ፣ እንደ ሪባን የተለጠጠ አጭር የመስኮት ኬብል ይሸጣል። ሲግናል ትንሽ ይበላል፤ ግን ይሠራል።

መሣሪያ፦ ቺያቤ፣ ካቻቢቴ፣ ውሃ ልክ፣ ስለታም ቢላ፣ ኮምፓስ። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ትራፓኖና ፊሸር።

6. መትከልና ኬብል ማሠር

ቋሚው ብረት ቀጥ ያለ ይሁን። ውሃ ልኩን በፊቱም በጎኑም አስደግፉና አረጋግጡ። ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ኋላ ዋጋ ያስከፍለዋል። ቋሚው ካዘነበለ ዲሹ ጀርባ ላይ የተጻፈው የከፍታ ቁጥር ውሸት ይሆናል። ዲሹን ወደ ጎን ስታዞሩም ከፍታው አብሮ ይቀየራል፤ አንዱን ሲያገኙ ሌላውን እያጡ መዋል ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ከሆነ ብቻችሁን አትውጡ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ጭራሽ።

ኬብሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የውጭውን ልጥ ሁለት ሳንቲም ያህል ግፈፉ፤ ቢላውን አትጫኑት። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጎንጉኖ ይወጣል። ወደ ኋላ እጠፉት። ቀጥሎ ብርማ ወረቀት፣ ከዚያ ነጭ ስፖንጅ መሳይ፣ በመጨረሻም መሃል ላይ ጠንካራው ሽቦ አለ። ነጩን ቁረጡና መሃለኛውን ሽቦ እርቃኑን አስቀሩት። አሁን ዓይናችሁን ቀርባችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ከፀጉር መሳዩ ሽቦ አንዷ እንኳ መሃለኛውን ከነካች ሾርት ነው፤ ሪሲቨሩ በዚህ ኬብል ለኤልኤንቢው መብራት ይልካል፣ ስለዚህ ወይ «ሾርት» ብሎ ይጽፍላችኋል ወይ ይቃጠላል። ማገናኛውን ስታስገቡ መሃለኛው ሽቦ ከአፉ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይውጣ። ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ።

ኤልኤንቢው ጋ ያለውን ማገናኛ ውሃ በማያስገባ ጎማ ነገር ጠቅልሉት። ተራ ናስትሮ በሁለተኛው ዓመት ይላቀቃል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች የወረደ ግማሽ ክብ ይሥራ፤ ዝናብ በኬብሉ ተንሸራቶ ሲመጣ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ቤት አይገባም።

7. ማስተካከል

እዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳያችሁ። 80 ሳንቲም ዲሽ የሚያየው ወደ 2 ዲግሪ የሚሆን ቀዳዳ ብቻ ነው። የዲሹን ጠርዝ ሰባት ሚሊ ሜትር ብትገፉት 1 ዲግሪ ዞረ። እዚያ ላይ፣ ሳተላይቶቹ ጋ፣ 1 ዲግሪ ማለት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእጃችሁ ደፍራችሁ ጠምዘዝ ካደረጋችሁት ሁለት ሳተላይት አልፋችሁ ሦስተኛው ላይ ትደርሳላችሁ።

መጀመሪያ ሪሲቨሩን አዘጋጁ። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ሳተላይቱን ምረጡ፤ የኤልኤንቢ ዓይነት «ዩኒቨርሳል» ወይም 9750/10600 በሉት። ወረቀታችሁ ላይ ካለው ሳይሆን፣ እዚያው ሳተላይት ላይ ከሚገኙ ጠንካራ ፍሪኩዌንሲዎች አንዱን አስገቡ። የሲግናል መለኪያው ገጽ ክፍት ይሁን።

መለኪያው ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ስትሬንግዝ ነው፣ ሌላው ኳሊቲ። ስትሬንግዙን እርሱት። ኬብሉ ሲሰካ ብቻ 60፣ 70 በመቶ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ያ ባዶ ጩኸት ነው እንጂ የሳተላይቱ ሲግናል ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትሬንግዝ እያየሁ ስጨማመር ውዬ፣ 80 ሲደርስ ደስ ብሎኝ ዲሹን አጥብቄ ጨርሼ ቻናል ስፈልግ አንድም የለም። ጎረቤት ሳተላይት ነበር። የምትከተሉት ኳሊቲን ነው።

አሁን ከፍታውን ዲሹ ጀርባ ባለው ቁጥር ላይ አድርጉና ዳዶውን በቀስታ ያዝ አድርጉት፤ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ እንዳይወድቅ። የዛሬ ዲሾች ኤልኤንቢያቸው ከመሃል ሳይሆን ከታች የሚቆም ነው። ስለዚህ ዲሹ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ አያይም፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው የሚመስለው። አትደንግጡ። ብዙ ሰው «ወደ ሰማይ ይይ» ብሎ አንጋጥጦት ነው ሲግናል የሚያጣው።

ቀጥሎ አቅጣጫ። ኮምፓስ ይረዳል፣ ግን ሁለት ነገር ያሳስተዋል። አንደኛ፣ የሚያሳየው የማግኔት ሰሜንን ነው፤ ከእውነተኛው ጋር ያለው ልዩነት እንደ አገሩ ይለያያል። ሁለተኛ፣ ብረት አጠገብ ሲሆን ይዋሻል፤ የበረንዳ አጥርና የዲሽ ቋሚ ብረት ናቸው። ስልካችሁ ላይ ያለውም ኮምፓስ እንዲሁ ነው። እኔ የምወደው የፀሐይን ዘዴ ነው። ፀሐይ በስንት ሰዓት ላይ በእናንተ ቁጥር አቅጣጫ እንደምትሆን የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ። ክር ላይ ድንጋይ አሥራችሁ አንጠልጥሉ። ሰዓቱ ሲደርስ የክሩ ጥላ ወለሉ ላይ መስመር ይሠራል። በጠመኔ አስምሩት። ያ መስመር አቅጣጫችሁ ነው፤ ብረት አያታልለውም። የዲሹን ክንድ ከዚያ መስመር ጋር አስተካክሉ።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ሥሩት። አንዱ ቴሌቪዥኑ ጋ ይቀመጥ፣ አንዱ ዲሹ ጋ። ስልክ በስፒከር ይከፈት። «አሁንስ?» «የለም።» «አሁንስ?» «ቆይ... የለም።» ዲሹን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነቅነቅ አድርጉና ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል። ጠብቁ ያልኩት በጣም ስለሚያስፈልግ ነው፤ ብዙ ሰው አግኝቶት ሳያውቅ አልፎታል። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ፈልጋችሁ ካጣችሁ ከፍታውን አንድ ዲግሪ ከፍ አድርጉና እንደገና። ከዚያ ዝቅ።

ኳሊቲው ሲመጣ አትጩኹ ገና። ቻናል ስካን አድርጉና ስሞቹን አንብቡ። የእናንተ ሳተላይት ላይ ያሉት ናቸው? ካልሆኑ የቱ ሳተላይት ላይ እንዳላችሁ ከስሞቹ ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወደየት መሄድ እንዳለባችሁ ይገባችኋል። እንዲያውም ደካማ ሳተላይት የሚፈልግ ሰው ሆን ብሎ መጀመሪያ ጠንካራ ጎረቤቱን ቢያገኝ ይቀለዋል። አውሮፓ ውስጥ 13 እና 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ በትንሽ ዲሽም ቶሎ ይገኛሉ፤ ከእነሱ ተነስቶ መቁጠር ነው።

ሳተላይታችሁን ስታገኙ ወደ ግራ ግፉ፤ ኳሊቲው የሚጠፋበትን ነጥብ ቋሚው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ወደ ቀኝም እንዲሁ። ዲሹን በሁለቱ ምልክቶች መሃል አቁሙት። ለከፍታውም ያንኑ ድገሙ። «ጥሩ ነው፣ 70 ደርሷል» ብሎ ማቆምና መሃሉን ማግኘት ልዩነቱ የሚታወቀው ዝናብ የዘነበ ቀን ነው።

በመጨረሻ ኤልኤንቢውን ራሱን በቦታው አሽከርክሩ። ሳተላይቱ ትክክል ደቡብ ላይ ከሆነ ምንም አያስፈልግም። ወደ ምዕራብ ካዘነበለ ግን፣ ዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሰማዩ እያያችሁ፣ በሰዓት አቅጣጫ ትንሽ ይዙር። ወደ ምሥራቅ ከሆነ በተቃራኒው። ከላይ ያነሳሁት የስቶክሆልም ምሳሌ ላይ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ከምድር ወገብ በታች ላላችሁ ይህም ይገለበጣል።

ብሎኖቹን ስታጠብቁ አንዱን እስከ መጨረሻ አትጠምዝዙ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዟዟራችሁ ጥቂት በጥቂት። ዓይናችሁም ኳሊቲው ላይ ይሁን፤ ቺያቤው ራሱ ዲሹን ይገፋዋል።

አሁን የወረቀታችሁን ፍሪኩዌንሲ አስገቡና ስካን አድርጉ። ካልመጣ «ብላይንድ ሰርች» የሚለውን ሞክሩ፤ ሪሲቨሩ ያለውን ሁሉ ራሱ ይለቅማል።

ሁለት ሳተላይት የምትፈልጉና ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ማሠር ይቻላል። መሃሉን ለደካማው ስጡት። ሁለተኛው የሚቆመው በተቃራኒ በኩል ነው፤ መስታወት ስለሆነ፣ በምሥራቅ ያለው ሳተላይት ምዕራብ በኩል ያርፋል። ሁለቱን ዳይሴክ በተባለው ማቀያየሪያ ወደ አንድ ኬብል ታመጧቸዋላችሁ፤ ሪሲቨሩ ላይ የትኛው ወደብ የትኛው እንደሆነ ንገሩት።

8. ሲበላሽ፣ ወይም ጭራሽ ካልሆነ

ቨርቲካል ቻናሎች ገብተው ሆሪዞንታሎቹ ከጠፉ፣ ሪሲቨሩ የሚልከው 18 ቮልት ኤልኤንቢው ጋ እየደረሰ አይደለም። ኬብሉን ወይም ማገናኛውን እዩ። ፍሪኩዌንሲያቸው ከ11,700 በታች የሆኑት ገብተው በላይ ያሉት ከጠፉ ደግሞ 22 ኪሎኸርዝ የሚለው ቅንብር ተዘግቷል ወይም ኤልኤንቢው አርጅቷል። ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ አንድ ቻናል ብቻ ከጠፋ፣ ዲሹን አትንኩ። ቻናሉ ቦታ ቀይሮ ይሆናል።

በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይጠፋል። ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ስለ ተቆለፉ ቻናሎችም ላንሳ። አንዳንድ ቻናል በካርድ የሚከፈት ነው፣ ካርዱም ብዙ ጊዜ ለአገር ውስጥ ብቻ ነው የሚሸጠው፤ ፊልሙንና ኳሱን የገዙት ለዚያ አገር ብቻ ስለሆነ። «በኢንተርኔት ኮድ እንሰጣለን» የሚሉት ሕገወጥ ናቸው። ሁሉንም የዓለም ቻናል በአንድ ሳጥን በትንሽ ዋጋ የሚሸጡትም ያው። ገንዘቡን ተቀብለው አንድ ቀን ማታ ይጠፋሉ፣ ለማን ትከሳላችሁ?

ጨረሩ የማይደርስባችሁ ወይም በረንዳችሁ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የዞረባችሁ፣ የቻናሉን የራሱን መተግበሪያ ወይም የዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት እዩ። ቻናሎች ብዙዎቹ ዜናቸውን በነፃ ያስተላልፋሉ። ቴሌቪዥኑን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ከኢንተርኔቱ ጋር ብታገናኙት መቆራረጡ ይቀንሳል።

ዲሹ ለሠራላችሁ ግን አንድ ሥራ ይቀራል። ማርከር አምጡና ዲሹ ቋሚውን የሚነካበትን ቦታ፣ የከፍታውን ቁጥርና ኤልኤንቢው የዞረበትን ልክ አስምሩ። በስልካችሁም ፎቶ አንሱት፤ የሪሲቨሩን ቅንብር ገጽም ጨምሩበት። ማዕበል አንድ ሌሊት ያጋድለዋል፣ ወይም የአከራዩ ቀለም ቀቢ ገፍቶት ይሄዳል። ያኔ ምልክቱን ከምልክቱ ጋር ታጋጥማላችሁ፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅባችሁ።